ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

እናቴ የሞተችው ረቡዕ ነው። እኔ ቤድፎርድ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልብስ ሳጥፍ ባሌ ያውቅ ነበር፤ ወንድሜ ያውቅ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ጸጉር የምትሠራኝ ልጅ ሳትቀር ታውቅ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። መርዶው ለቅዳሜ ንጋት ተቀጥሮ ነበር፤ ምክንያቱም እዚህ አገር ሰው ሁሉ ኦፍ የሚሆነው ቅዳሜ ነው። መጋዘን የሚሠራው፣ ኤርፖርት የሚነዳው፣ ሐኪም ቤት የምታድረው፣ ቄሱም ጭምር፣ እሳቸውም በአዘቦት ቀን ታክሲ ስለሚነዱ፣ ከቅዳሜ በፊት አይሰበሰቡም። እስከዚያ ድረስ እኔን ከስልክ የሚያርቅ ቦታ ያስፈልጋቸው ነበር። ቴክሳስ ውስጥ ስልክ የማይሠራበት ቦታ ፈልገው አገኙና ካምፒንግ ነው አሉኝ።

ተረጋግቼ ልጽፈው ነበር ሐሳቤ። አልሆነልኝም፤ ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ባሌ ቃል ሰጥቶኝ ነበር። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እዚያ አንድ አዛውንት ሲሞት አልጋው ሳይቀዘቅዝ ለልጁ ይደወላል፤ ልጁ ሥራ ላይ ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሁን ማንም አይጠይቅም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጭካኔ መስሎኝ ነበር፤ እየቆየሁ ግን ወደድኩት። አባቴን ያጣሁት በእኛ ወግ ነውና። የእሱን ሞት የነገሩኝ አርባው ከወጣ በኋላ፣ ሰብሰብ ብለው መጥተው ነው። በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ እኔ የሰው ሠርግ ላይ ጨፍሬያለሁ፤ ፎቶው አሁንም አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ባሌን ወጥ ቤት ውስጥ አቆምኩትና እንዲህ አልኩት፦

«እማዬ አንድ ነገር ከሆነች በዚያው ሰዓት ንገረኝ። ሽማግሌ አትሰብስብ። ሥራ ላይ ብሆንም ደውልልኝ። አስከሬኑን ሐኪም ቤት ያቆዩልኝ፤ እኔ ሄጄ ነው የምቀብራት።»

«ኦኬ» አለ።

«ኦኬ አይደለም። ማልልኝ።»

ማለልኝ። አባቷን ያልቀበረች ሴት እናቷን ልትቀብር ስትለምን ይህ ብዙ ነገር አይመስለኝም ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ሳይደውል መጣ። ታላቄ ነው፤ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት። ማኪኒ ይኖራል፤ ኤርፖርት ደግሞ ከመኪና ማቆሚያው ወደ ተርሚናሉ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳል። በዚያ ሰዓት ትራፊክ ከማኪኒ ቤድፎርድ የሚመጣ ሰው ወይ ጤና የለውም ወይ ጉዳይ አለው። ሻይ አልፈልግም አለ፤ ቁጭም አላለ።

«ስፕሪንግ ብሬክ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ካምፒንግ እንሂድ» አለ።

ይህ ሰው ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሁለት ዓመት በድንኳን የኖረ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ካምፒንግ እንሂድ ሲሉት፣ «እኔን ከድንኳን ለማውጣት ስንት መንግሥት ደክሟል፤ አሁን ከፍዬ ልመለስበት?» እያለ የሚያሾፍባቸው እሱ ነው። ባሌን አየሁት። ባሌ መሬት መሬት ያያል። ገባኝ አልኩ በልቤ። እኔና ባሌ ከገና ጀምሮ ተኮራርፈን ነበር፤ እሱ ቤቱን ሸጠን ማኪኒ ወንድሜ አጠገብ እንግባ ይላል፣ እኔ ሥራዬ እዚህ ነው እላለሁ። ስለዚህ ሽምግልና ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ማምለጫ በሌለበት ቦታ ወስደው ሊያስታርቁኝ። እሺ አልኩ፤ እሺ ያልኩት ግን ልታረቅ ሳይሆን ሁለቱንም በደንብ ልነግራቸው ነው።

ማታ አገር ቤት እማዬ ጋ ስደውል ስልኩ አይነሳም። ጎረቤቷ ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም።

«ኔትወርክ ዘግተውባቸው ነው» አለ ባሌ። «ዜናው ላይ አይቻለሁ።»

ፌስቡኬም አልከፍት አለኝ። ባሌ ፓስወርዱን ቀይሮት ኖሯል።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ወንድሜ ነዳ፣ ባሌ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ከድስትና ከብርድ ልብስ ጋር። ፎርት ወርዝን አልፈን አቢሊን ስንደርስ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ወንድሜ ሽንት ቤት ገብቶ ቀረ። ባሌ የመኪናውን መስታወት ሁለት ጊዜ ጠረገ። በመጨረሻ ወንድሜ ፊቱን ታጥቦ ሸሚዙን አርሶ ሲወጣ «እዚያው ተኝተህ ነበር እንዴ? መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አልኩት። በሌላ ቀን ቢሆን ይመልስልኝ ነበር፤ አፉ ስለት ነው። ያን ቀን ግን «ይቅርታ እህቴ» አለና ገባ።

ያኔ ነው መናደድ የጀመርኩት። ከሁሉ የሚያናድደኝ እየባሰ የሄደው ደግነታቸው ነበር። የምለውን ሁሉ እሺ ይሉኛል። ኤሲውን አጥፉ ስል ይጠፋል፣ ክፈቱ ስል ይከፈታል። ሚድላንድ ስንደርስ የነዳጅ ማውጫ ብረቶች ሜዳውን ሞልተው አንገታቸውን ቁልቁል ይነቀንቃሉ፤ መኪናው ውስጥ ያሉትም ሁለት ሰዎች ያንኑ ይሠራሉ። ሁዳዴ ነበር። ወንድሜ በጾም ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቅቤ ነክቶት የማያውቅ ድስት ካልሆነ አይበላም። ረፋዱ ላይ ዞር ብሎ «ትንሽ ነገር ቅመሺ፤ ዛሬ ጾሙን ተዪው፤ መንገደኛ ይፈቀድለታል» ሲለኝ ዓይኔን አፈጠጥኩበት።

«ጋሼ፣ ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ምንም። ማለቴ፣ እንድትበረቺ ነው።»

«ለምኑ ነው የምበረታው?»

«ለመንገዱ» አለ ባሌ ፈጥኖ።

ከፎርት ስቶክተን በኋላ ቤት የሚባል ነገር ያልቃል። ማራቶን የምትባል አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፤ ከእሷ በኋላ ደግሞ ስልኩም ያልቃል። የሪዮ ግራንዴ ወንዝ እዚያ ሲደርስ ወደ ደቡብ ይወርድና መልሶ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ በመካከሉ ያለው መሬት በሦስት በኩል በወንዝ ተከቦ ሜክሲኮ ውስጥ እንደ ምላስ ይገባል። ትምህርት ቤት ባሕረ ገብ መሬት ብለው እንዳስተማሩን ዓይነት ነው፣ ባሕሩ ብቻ ነው የጎደለው። ቁልቋልና እሾህ፣ አመድ የመሰለ አፈር፣ ከማዶ ግንብ የመሰለ ገደል። ወንዙ እንኳ ወንዝ አይባልም፤ ጭቃ ውሃ ነው፣ በጫማ ይሻገሩታል። ሰዎች ይህን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ ይባላል። እኔ ከመኪና ስወርድ ነፋሱ አሸዋ ዓይኔ ውስጥ ሞጀረብኝ፤ ያንን ቦታ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላሁት፤ እስካሁንም እንደጠላሁት ነው።

ድንኳኑን የተከለው ወንድሜ ነው። መመሪያውን አላነበበም፤ እጁ ያውቀዋል። ባሌ ካስማ ያቀብለዋል። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ነፋሱን እየታገሉ ገመድ ሲወጥሩ ከመኪናው ጎን ቆሜ አየኋቸው። በእኛ አገር ሐዘንተኛ በር ላይ ነው ድንኳን የሚተከለው። የእኔንም ተክለውልኝ ነበር። ለምን እንደተተከለ ብቻ አልነገሩኝም።

ያን ማታ ድንች ጠብሰን በሽሮ በላን። የቤቱን ነገር እኔው አነሳሁት፤ ሽምግልናው እስኪጀመር መጠበቅ ሰልችቶኝ።

«ማኪኒ አልገባም» አልኩ። «ስለዚህ እዚህ ድረስ ያመጣችሁኝ በከንቱ ነው።»

«እሺ፣ አንገባም» አለ ባሌ።

ሦስት ወር ሙሉ የተጨቃጨቅንበት ነገር በሁለት ቃል አለቀ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ፈራሁ።

አርብ ጎህ ሲቀድ ብርዱ ቀሰቀሰኝ። በረሃ ቀን ያቃጥላል፣ ንጋት ላይ ያንዘፈዝፋል። የወንድሜ መኝታ ባዶ ነበር። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁና ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሸምበቆው ዳር፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበርክኮ አገኘሁት። ጋቢውን ራሱ ላይ ጥሎታል። የሚጸልይ መስሎኝ ልመለስ ስል እጆቹን አየሁ። ደረቱን ይደቃል። ድምፅ የለውም፤ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎስጉሶታል። በሁለት እጁ፣ በተራ በተራ፣ ሴቶቻችን ለቅሶ ላይ እንደሚያደርጉት ደረቱን ይደቃል።

ወንድ ልጅ እንዲህ ደረቱን የሚደቃው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከልጆቹ ወይም ከሚስቱ አንዱ ቢሆን እዚህ በረሃ አይገኝም ነበር። የቀረችው አንድ ናት፤ እሷ ደግሞ የእኔም እናት ናት።

አልጮህኩም። አልጠራሁትም። ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ፤ ባሌ ነቅቶ ተቀምጧል። ፊቴን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ሞታለች ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም።

«መቼ ተቀበረች?» አልኩት።

ብርድ ልብሱን ከላዩ ገፈፈ። ከዚያ «ትናንት» አለ። «አገር ቤት በዘጠኝ ሰዓት።»

እዚያ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ጠዋት ነው። አቢሊን ነዳጅ ስንቀዳ ማለት ነው። እናቴን አፈር ሲያለብሷት እኔ ወንድሜን ሽንት ቤት ቆየህ ብዬ እቆጣው ነበር።

«ምለህልኝ ነበር» አልኩት።

«ጋሼ ነው... ማለቴ፣ ታላቅሽ ነው። እሱ እንዲህ ይሁን ሲል እኔ ምን ልበል?»

«የማልክልኝ አንተ ነህ።»

ሊይዘኝ እጁን ዘረጋ። እጁን መታሁት። በትዳራችን መትቼው አላውቅም፤ ያኔ ደጋግሜ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር። ድንኳኑን ረግጬ ስወጣ አንዱ ካስማ ተነቀለና ጨርቁ ላዩ ላይ ወደቀበት። እንዲያ ሆኖ ተውኩት።

ወንድሜ ከወንዙ ሲመለስ መኪናው ላይ ተደግፌ ጠበቅሁት። ዓይኖቹ አብጠዋል። አንዴ አየኝና እንዳወቅሁ አወቀ።

«ለምን?» አልኩት።

«ሰው ኦፍ አልነበረም» አለኝ።

ሌላ ብዙ መልስ ጠብቄ ነበር፤ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ወጉ። ያለኝ ይህን ነው።

«ታዲያ ረቡዕ ልንገርሽ? ማን አለ? ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ያለ አልቃሽ፣ ያለ ዘመድ፣ ሁለታችሁ ብቻ አራት ግድግዳ ውስጥ ሆናችሁ ልትሰሚው? እንደ ፈረንጅ?»

«አዎ፣ እንደ ፈረንጅ። ፈረንጅ እናቱን ይቀብራል።»

«ብቻሽን ብትሆኚስ? መኪና እየነዳሽ ብትሰሚውስ?»

«አውሮፕላን ላይ እሆን ነበር ጋሼ። ቢያቆዩልኝ ዛሬ እደርስላት ነበር። ይህን አንተ ነህ የወሰድክብኝ።»

ጎንበስ ብሎ ድስቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። አሁኑኑ እንሄዳለን አልኩ፤ ሄድን። እቅዳቸው አርብ ማታ ተነስተው ቅዳሜ ንጋት ላይ በቀጥታ ሽማግሌዎቹ እጅ ሊያስረክቡኝ ነበር።

መንገዱ ላይ ወንድሜ አንድ ነገር ለመነኝ። ባሌ ነበር የሚነዳው፤ ወንድሜ ከፊት ሆኖ ወደ እኔ ሳይዞር ነው ያወራው።

«ቅዳሜ እንዳልሰማሽ ሁኚ» አለ። «ሰው ተጠርቷል። ሺፍት ለውጠው የሚመጡ አሉ። ግራንድ ፕሬሪ ያሉት ሌሊቱን ሠርተው ሳይተኙ ነው የሚመጡት። ታውቃለች ብላቸው ያዝኑብኛል።»

«ይዘኑብህ።»

«እህቴ፣ እባክሽ።»

«ያወቅሁትን ነገር ተነግሮኝ ልወድቅላቸው ነው? ቲያትር ልሥራላቸው?»

ማራቶን ከመድረሳችን በፊት የድንበር ጠባቂዎች ኬላ አለ። ከወንዙ አካባቢ የሚመጣ መኪና ሁሉ ይቆማል። አንድ ወጣት ዘብ ውሻ ይዞ መኪናውን ዞረ፤ ሌላው መስኮቱ ጋ መጥቶ ሁላችሁም ሲቲዝን ናችሁ ወይ አለ። ነን አልን። ከየት ነው የምትመጡት አለ፤ ካምፒንግ ነበርን አለ ባሌ። ዘቡ ጎንበስ ብሎ ከኋላ እኔን አየኝ። ጥሩ ጊዜ አሳለፋችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

«እናቴ ሞታለች» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ያን ቃል ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ የነገርኩትም ጠመንጃ ለታጠቀ ለማላውቀው ሰው ነው። ባርኔጣውን ነካ አደረገና በጣም አዝናለሁ እመቤት፣ መጽናናቱን ይስጥሽ የሚሉትን ዓይነት ነገር አለኝ። ከዚያ ውሻው ጨርሷል፣ ሂዱ አለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ መጀመሪያ ያጽናናኝ እሱ ነው። ይህንንም ለወንድሜ ነገርኩት፣ እንዲያመው ብዬ። ያመመው ይመስለኛል፤ አንገቱ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ማራቶን ስንገባ ስልኮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጮህ ጀመሩ። የወንድሜ ስልክ አላቋርጥ አለ። የቀብሩን ቪዲዮ ልከውለት ነበር፤ አልከፈተውም። ስልኩን ጭኑ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

«አንተ ከማን ሰማህ?» ያልኩት ያኔ ነው። ለእሱ ተጨንቄ አይደለም፤ እኔን ስንት ሰው እንዳታለለኝ ለማወቅ ነበር።

«ደወሉልኝ» አለ።

«የት ሆነህ?»

«ሥራ ላይ። እየነዳሁ ነበር፣ መንገደኛ ጭኜ። ስፒከር ላይ ነበር ስልኩ። 'በርታ፣ እማዬ አርፋለች' አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን፣ አደረስኳቸው። ሻንጣቸውን አወረድኩ።» ስልኩን ጭኑ ላይ አስተካከለ። «መልካም በረራ አልኳቸው። ለሁሉም።»

ባሌ ሬዲዮኑን ሊከፍት እጁን ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ለወንድሜ አላዘንኩለትም፤ እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ለማንም የሚሆን ሐዘን አልተረፈኝም ነበር። ቤድፎርድ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ መኪኖች መንገዳችን ላይ መደርደር ጀመሩ። ሃያ ሰው የመኪና በር ላለማጋጨት ሲጠነቀቅ ከማጋጨት የባሰ ይሰማል። እኔ መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ለወንድሜ ቃል አልሰጠሁትም፤ ምን እንደማደርግም አላውቅም። በሩ ተንኳኳ። ከፊት በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ቄሱ፣ ከዚያ ወንዶቹ፣ ከዚያ ሴቶቹ። የሥራ ጃኬታቸውን አላወለቁም፤ ጥቁሩ ነጠላ ከሥሩ ታጥፎ ይታያል። አንዳንዶቹ የመጋዘኑን ቢጫ ሰደርያ እንደለበሱ ነበሩ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። እንድወድቅ ይጠብቁኛል፤ ሊደግፉኝ እጃቸው ተዘጋጅቷል።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ «በርቺ። እንግዲህ ሁላችንም...»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ይቆዩኝ።»

ተነሳሁ። የተነሳሁት ላዋርደው ነው፤ ይህን አልደብቅም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያደረገኝን ልናገርና አንገቱን ላስደፋው። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ወንድሜ ከሁሉም ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ለእኔ የሚሆን ሶፍት በሁለት እጁ ይዟል። ከረቡዕ ጀምሮ ጺሙን አልተላጨም። ማንም ወደ እሱ አይመለከትም። ማንም በርታ አላለውም፤ አስተናጋጁ እሱ ነዋ፤ መኪና የት ፓርክ እንደሚደረግ የሚጠይቁትም እሱን ነው።

አፌን ስከፍት ያዘጋጀሁት ስድብ ጠፋብኝ።

«ጋሼ» አልኩት። «እናታችን ሞታለች። ረቡዕ ነው ያረፈችው። ሐሙስ ቀበሯት።»

እንዳልሰማ ሰው አየኝ። ከዚያ ሶፍቱ ከእጁ ወደቀ፣ ከዚያ እሱ። ስልሳ ዓመት የሚጠጋው ሰው እማዬ ብሎ ሲጮህ የልጅ ድምፅ ነበር የወጣው፤ ቤቱ በሙሉ አብሮት ጮኸ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ያዝኩት። ይቅር አላልኩትም። እንዲያ ይዤው ሳለ እንኳ ይቅር አላልኩትም።

ሽማግሌው ከላያችን ቆመው ማንን ቀድመው እንደሚያጽናኑ ግራ ገባቸው። ለአንድ ሰው ነበር የተጠሩት።

«እኔ ሰምቻለሁ አባባ» አልኳቸው። «እሱ ነው ማንም ያላረዳው።»